ውሃን በእንጨት ዋጋ

ጤፍ የሚገዛ ሰው ዘግኖ በመዳፉ ያሻል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል። ቅቤ የሚገዛ በጥፍሩ ቆንጥሮ ያሸታል። በግ የሚገዛ ላቱንና ወገቡን ሳይዳስስ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ማር ገዥው እንኳ ስኳር እንዳይሆንበት ይቀምሳል። እንጨት ተራ ሲደርስ ግን ያው ጠንቃቃ ገበያተኛ የጭነቱን ትልቅነት በዓይኑ ለክቶ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ዋጋ ተከራክሮ "በል አራግፍልኝ" ይላል። የገዛው ነገር እንጨት ይሁን ውሃ የሚያውቀው ማታ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ነው።

ውሃ መባሉ ለማጋነን አይደለም። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 20 ኪሎ እርጥብ ፍልጥ በሚዛን የገዛች እማወራ 10 ኪሎ እንጨትና 10 ኪሎ ውሃ ይዛ ቤቷ ትገባለች ማለት ነው። ያው እንጨት ፀሐይና ነፋስ አግኝቶ በወጉ ቢደርቅ ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ ውስጡ የሚቀረው ውሃም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ሰባት ኪሎ ተኩል፣ ማለትም ሰባት ሊትር ተኩል ውሃ ነው። በጀሪካን ተሞልቶ ቢቀርብላት በዚያ ዋጋ አትገዛውም ነበር።

ጉዳዩ በተለይ የሚያሳስበው የደጋውን ነዋሪ ነው። ደብረ ብርሃንና ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ የመንዝ አምባዎች ደግሞ ከዚህም ይልቃሉ። ለቆላው ሰው ማገዶ ማለት ወጥ መሥሪያና እንጀራ መጋገሪያ ነው። ለደገኛው ግን ልብስም ጭምር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከጭጋግና ከዝናብ ጋር የሚመጣ እርጥብ ብርድ አለ። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ አምልጦ ውርጭ ይወርዳል፤ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ያልደረሰ ባቄላ ይጠቁራል። ጋቢውም፣ ብርድ ልብሱም፣ መንዞች ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናም ያግዛል እንጂ እሳትን አይተካም። ሕፃንና አዛውንት ባለበት ቤት ማታ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት እሳት ማንደድ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ይህን ያህል የሚፈለግ ምርት ግን በግብርናው ዘርፍ ባለቤት ያለው አይመስልም። ስለ ገብስ ምርጥ ዘር፣ ስለ በግ ማድለብ፣ ስለ ድንች መጋዘን በየወረዳው ሥልጠና ይሰጣል፤ መስጠቱም ተገቢ ነው። አርሶ አደሩ በማሳው ዳርና በተራቆተ መሬቱ ላይ ተክሎ፣ አምስትና ስድስት ዓመት ጠብቆ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ ግን ከተቆረጠ በኋላ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማግኘት ይቸግራል። ከምርት በኋላ የሚደርስ ብክነት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ነቀዝ የበላውን እህል ነው። እርጥብ ሆኖ የነደደ እንጨትም ከምርት በኋላ የባከነ ምርት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ብክነቱ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ፈጽሞ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ 18 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። አንድ አምስተኛው ውሃ የሆነው፣ ማለትም በገበያ ቋንቋ "ደረቅ" የሚባለው፣ ወደ 14 ይጠጋል። ግማሹ ውሃ የሆነው ግን 8 ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአንዱ ኪሎ ውስጥ የሚነደው ግማሹ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ግማሽ እንጨት ከሚሰጠው ሙቀት ላይ ውሃውን አፍልቶ በእንፋሎት ለማስወጣት የሚሄድ አለ። ቤት ለማሞቅ የተገዛው እሳት በቅድሚያ የራሱን ውሃ ሲቀቅል ያመሻል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ላይ አረፋ ደፍቆ ሺ እያለ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው።

በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የማይገባ ሌላ ኪሳራም አለ። ውሃው እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ይህ ጢስ ያልነደደ ማገዶ ነው፤ ተገዝቶ፣ ተጭኖ መጥቶ ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ የሚገባ ማገዶ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገምታል። ከነዚህ መካከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ለብርድ ሲባል በርና መስኮት በሚዘጋበት የደጋ ቤት፣ እናት ሕፃን አዝላ ምድጃ ሥር በምታመሽበት ቤት፣ የእንጨቱ መድረቅና አለመድረቅ የጤና ጉዳይም ነው።

ተጎጂው ገዥው ብቻ ቢሆን ኖሮ "ገዥ ይጠንቀቅ" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሻጩም ይጎዳል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሦስትና አራት ሰዓት የምትጓዝ አህያ 50 ኪሎ ተጭናለች እንበል። እርጥብ ከሆነ ገበያ የደረሰው እንጨት 25 ኪሎ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ደረቅ ቢሆን በዚያው ክብደት 40 ኪሎ እንጨት ይደርሳል። ባለ አህያው አምስት ጊዜ ተመላልሶ በእርጥቡ የሚያደርሰውን፣ ደረቅ ቢጭን በሦስት ጉዞ ሊጨርሰው ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ከአራተኛው ጉዞ አብዛኛው ለትርፉ ይሆናል። አህያዋም ብትጠየቅ የምትመርጠው ይታወቃል።

ታዲያ ለምን አያደርቅም ቢባል፣ ገበያው ስለማይከፍለው ነው። "በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" ይባላል፤ እንጨት ተራ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ በእርጥቡ አበሳ ደረቁ ይቀጣል። ፍልጥ በኪሎ በሚሸጥበት ቦታ እንጨቱን ሦስት ወር ያደረቀ አርሶ አደር ከክብደቱ ከሲሶ በላይ አጥቶ ይመጣል፤ የኪሎው ዋጋ ግን ዛሬ ጠዋት ከቆረጠው ጎረቤቱ ጋር አንድ ነው። በጭነት በሚሸጥበትም ቦታ ገዥው የሚያየው የጭነቱን መጠን እንጂ ውስጡን አይደለም። እንዲህ ባለ ገበያ እንጨት ማድረቅ ሞኝነት ይሆናል። አርሶ አደሩ ደግሞ ሞኝ አይደለም።

መፍትሔው ለደረቅና ለእርጥብ እንጨት የተለያየ ዋጋ ማውጣት ነው። ለምሳሌ ያህል የእርጥቡ ኪሎ 10 ብር ነው እንበል። 100 ኪሎ እርጥብ የሸጠ 1 ሺህ ብር ያገኛል። ያንኑ ቢያደርቀው 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ያው 1 ሺህ ብር እንዲገባለት ኪሎው 16 ብር መሆን አለበት። ገዥው "ውድ ነው" ይል ይሆናል። ግን ከላይ በተቀመጠው የሙቀት ስሌት ደረቁ ኪሎ የእርጥቡን አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ በ17 ብር እንኳ ቢገዛው ለአንድ ብር የሚያገኘው ሙቀት ከእርጥቡ ይበልጣል። አርሶ አደሩም በ17 ብር ቢሸጥ ለድካሙ 60 ብር ያህል ይተርፈዋል። ጢሱ የሚቀንሰውና ጉዞው የሚያጥረው ገና በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት እንዲህ ዓይነት ስምምነት በግብርና ገበያ ውስጥ በብዛት አይገኝም።

ይህ እንዲሆን ግን ገዥው ደረቁን ከእርጥቡ መለየት አለበት። ዛሬ በየገበያው የሚሰማው ምልልስ የታወቀ ነው። "አባቴ፣ ደረቅ ነው?" ትላለች ገዥዋ። "ምን ማለትሽ ነው ልጄ፣ እንደ ገለባ ነው እንጂ!" ይላሉ ባለ እንጨቱ። ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሽማግሌው ዋሹ ማለት አይደለም፤ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ደርቆ ይሆናል። ቃላቸውን ሳይጠራጠሩ እንጨቱን ራሱን መጠየቅ ይቻላል።

የደረቀ እንጨት ጫፉ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል። ቅርፊቱ በጣት ሲነካ ይለቃል፣ አንዳንዴም ራሱ ወድቆ ያልቃል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ቋ የሚል የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ግን የታፈነ ድምፅ ነው ያለው። በእጅ ሲያነሡት ከመጠኑ በታች ይቀላል። እነዚህ ሁሉ ግን የውጭ ምልክቶች ናቸው። ዋናው ፈተና ከጭነቱ መካከል ወፈር ያለውን አንዱን አስወጥቶ ማስፈለጥና አዲስ የተከፈተውን ገጽ ጉንጭ ላይ ማስነካት ነው። ከቀዘቀዘና ከረጠበ ገና ነው። ከመካከል ማስወጣቱ አስፈላጊ የሚሆነው ደረቁን ከዳር፣ እርጥቡን ከውስጥ አድርጎ ማሰር አዲስ ጥበብ ስላልሆነ ነው። የእንጨቱ መጥቆርና መንጣትም ብዙ አይታመንም፤ ዝናብ የመታው ደረቅ ይጠቁራል፣ ፀሐይ ያገኘው እርጥብ ከላይ ይነጣል።

ብዙ ሰው በገበያ ላይ የሚጠይቀው ግን መድረቁን ሳይሆን የዛፉን ዓይነት ነው። ወይራ ከተገኘ ዋጋ አይከራከርም፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ፊቱን ያዞራል። ወይራ ጥሩ ማገዶ መሆኑ አይካድም። ከባድ ስለሆነ በአንድ ክንድ ውስጥ ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ፍሙም ይቆያል። ሆኖም እኩል እስከደረቁ ድረስ የአንድ ኪሎ ወይራና የአንድ ኪሎ ባሕር ዛፍ ሙቀት በጣም የተቀራረበ ነው። ልዩነቱ ያለው በክብደት ሳይሆን በመጠን ሲለካ ነው። በኪሎ እየገዙ ለወይራ ስም ተጨማሪ መክፈል ብዙም ትርጉም የለውም፤ እርጥብ ወይራ ደግሞ ከደረቅ ባሕር ዛፍ ያነሰ ነው። ጽድ ቶሎ ይያያዛል፣ ሽታውም ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፍንጣሪ ስለሚወረውር ምንጣፍና ልጆች ባሉበት ቤት አይመከርም። ከሁሉም በላይ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ ያስጠይቃል። በደጋው የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በገደላ ገደሉ ነው። ገዥ ሲጠፋ ቆራጩም ይቀንሳል።

ስለዚህ የደጋው ማገዶ ባሕር ዛፍ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ወደ ሀገር ከገባ ወዲህ የማገዶ ችግርን በማቃለል የተወዳደረው የለም። ለደጋው የሚስማማው ነጩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀዩ ዝቅ ያለውንና ሞቅ ያለውን ቦታ ይመርጣል። "ውሃ ይጠጣል፣ እህል አያስጠጋም" የሚለው ወቀሳ መሠረት አለው፤ በምንጭ አጠገብና በደህና እርሻ ላይ መትከል አይገባም። ነገር ግን አንዴ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡ፣ ከብት አለመብላቱና ቶሎ መድረሱ አርሶ አደሩ እንዳይተወው አድርጎታል። ባሕር ዛፍን የማይወድ ሰው እንኳ የተቆረጠው በከንቱ እንዳይነድ ቢከራከር ከዓላማው አይርቅም። በደንብ የደረቀ ማገዶ ጥቂት ዛፍ ያስቆርጣልና።

የባሕር ዛፍ አመል መታወቅ ያለበት በመፍለጥ ላይ ነው። እርጥብ ሳለ መጥረቢያ ይቀበላል። ሲደርቅ ግን ጭረቱ ስለሚጠማዘዝ እንደ ብረት ይሆናል፤ ከነቅርፊቱ የደረቀ ወፍራም ግንድ ለመፍለጥ ሽብልቅና መዶሻ ይዞ ግማሽ ቀን መታገል ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መቁረጥ፣ ወዲያው መፍለጥ፣ ከዚያ ማድረቅ ነው። ብዙዎች ግንዱን እንዳለ ከምረው "ይደርቃል" ብለው ይጠብቃሉ። ቅርፊቱ ውሃውን እንደ ቆዳ ይዞ ስለሚያቆየው ዓመት ቆይቶም መሐሉ እርጥብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የክንድ ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ የተፈለጠ ግን በበጋው ፀሐይና ነፋስ በጥቂት ወራት ለእሳት ይደርሳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የደጋው ከተሜ እንጨት የሚፈልገው ብርዱ ሲመጣ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር። በሐምሌ የሚገዛው በዝናብ የራሰ ነው። በኅዳር የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ እንዳበቃ የተቆረጠ ስለሆነ ገና አልደረቀም። ሁለቱም ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል። አዋጪው መንገድ እንጨቱን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቆርጦና ፈልጦ ማድረቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ገዥውም በግንቦት ገዝቶ ቢያስቀምጥ የሐምሌውንም የኅዳሩንም ብርድ በደረቅ እንጨት ያልፈዋል። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክምሩን ከላይ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ከዚያ በተረፈ የበጋው አየር በራሱ በቂ ማድረቂያ ነው።

አከማመሩ ላይ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው። እንጨት መሬት ላይ ከተጣለ ከሥር ውሃ ይስባል፤ ድንጋይ ወይም ሁለት አጠና ከሥሩ ማንጠፍ ይበቃዋል። በላስቲክ ወይም በሸራ ዙሪያውን ጠቅልሎ መሸፈን ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። የሚፈለገው ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሣር፣ ጎኑ ደግሞ ለነፋስ ክፍት መሆኑ ነው። ማጀት ውስጥ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሰቅሎ ማድረቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ለሁለት ሦስት ቀን ማገዶ ይሠራል፣ ለዓመት ስንቅ ግን አይሆንም፤ እሳት የመያዝ አደጋም አለው። ማድረቁ ተጠናቅቆ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ፍልጥ በሚዛን መዝኖ፣ ክብደቱን በከሰል ጽፎበት፣ በየሁለት ሳምንቱ መልሶ ይመዝነው። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ይህ ሁሉ ምክር አንድ እንቅፋት አለበት። አርሶ አደሩ እንጨት የሚቆርጠው ገንዘብ ሲቸግረው ነው። የማዳበሪያ ክፍያ ደርሶ፣ የልጅ ደብተር ተጠይቆ፣ ሰው ታሞ። ዛሬ ቆርጦ ነገ የሚሸጥ ሰው "ሦስት ወር አድርቀህ ሽጥ" ሲባል የሚሰማው እንደ ቀልድ ነው። እንጨቱ ባንኩ ነው፤ ባንክ የሚሄደው ደግሞ ሲቸግረው ነው። ስለዚህ ማድረቁን ለአርሶ አደሩ ብቻ ትቶ "ግንዛቤ ይፈጠር" ማለት የትም አያደርስም።

የሚያዋጣው በመካከል የሚገባ አካል መኖሩ ነው። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እህል ሰብስበው እንደሚያቆዩት ሁሉ፣ የቆመ ወይም የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ገዝተው፣ ፈልጠውና አድርቀው በወቅቱ ሊሸጡ ይችላሉ። በየከተማው ለተደራጁ ወጣቶችም ከሌሎች ብዙ ሥራዎች ይልቅ ይህ ያነሰ መነሻ ካፒታል ይፈልጋል፤ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታና ለሦስት ወር የሚታገሥ ብድር። ከባዱ የመጨረሻው ነው። ብድር ሰጪ ተቋማት የበግ ማድለቢያ ብድር በወራት እንደሚመለስ አውቀው ይሰጣሉ። የሚደርቅ እንጨት ከበግ ይልቅ አስተማማኝ መያዣ ነው፤ አይታመምም፣ አይሰረቅም ባይባልም በአንድ ሌሊት ተነድቶ አይሄድም።

ከተማ አስተዳደሮች ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አላቸው። እህል ተራ፣ በግ ተራ፣ ቅቤ ተራ እንዳለ ሁሉ እንጨት ተራውን ለሁለት ከፍሎ ደረቅ ተራና እርጥብ ተራ ማድረግ። እርጥብ መሸጥ አይከለከል፤ አድርቆ የሚጠቀም ገዥ በርካሽ ይግዛው። ግን በስሙ ይሸጥ። በደረቅ ተራ መግቢያ ላይ አንድ ሚዛን፣ አንድ መጥረቢያና ከተቻለ እንጨት ላይ ተወግቶ እርጥበት የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ቢቀመጥ ክርክሩ ያልቃል። እርጥብ በደረቅ ተራ ይዞ የተገኘ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ቅጣት እንኳ አያስፈልገውም። አንዳንዱ "እንጨት ለመሸጥም ቢሮክራሲ?" ይል ይሆናል። ገብስ እንኳ እርጥብ ከሆነ መጋዘን አይገባም፤ ለእንጨት ይህ የሚበዛበት ምክንያት የለም።

ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ውስጥ ሊገቡ የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ኩበት ነው። እንጨት ሲወደድ ወይም እርጥብ ሆኖ ሲያስቸግር የደጋው እማወራ ወደ ኩበት ትዞራለች፤ ኩበት ቢያንስ ደረቅ መሆኑ ይታወቃልና። ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፣ ለአፈሩ ልስላሴ የሚሰጠውና ውሃ የሚያስይዘው ብስባሽ ይጠፋል፤ የቀረው አመድም ማሳ ሳይደርስ ደጅ ይደፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ማሳ በገንዘብ የተገዛ ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ ለማዳበሪያው ደግሞ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል። ደረቅ እንጨት በተመጣጣኝ ዋጋ ቢገኝ ከዚህ ዙር ሊወጣ የሚችለው እበት ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል። ስለ አፈር ለምነት የሚሰጠው ሥልጠና ማጀቱን ካላየ ግማሽ ነው።

ከሰል መፍትሔ ነው የሚሉም አሉ። ጢስ የለውም፣ ለመያዝ ይመቻል። ነገር ግን እንጨት ከሰል ሲሆን ከሙቀቱ ብዙው እዚያው ከሰል ማክሰያው ላይ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው አደጋው ነው። በውርጭ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ ፍም ያለበት ማንደጃ አጠገብ መተኛት ይገድላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ማንደጃ ከመተኛት በፊት ከቤት መውጣት አለበት፤ ለዚህ "ትንሽ ነው፣ ሊጠፋ ነው" የሚባል ነገር የለም። እንጨቱም ቢሆን ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ አየር የሚገባበት ክፍተት ይፈልጋል።

ምድጃውንም መዘንጋት አይገባም። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ እርጥብ እንጨት የገባበት ምርጥ ምድጃ ግን ስሙን አይመስልም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤትም ሙቀቱን በጣሪያው በኩል ይሰጠዋል፤ ማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ እንኳ ጣሪያውን ከሥር መሸፈን ለውጥ አለው፤ ነገር ግን ለእሳት ቅርብ በሆነው በኩል ከረጢት መስቀል አደገኛ ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ቺፑድና መድኃኒት የተነከረ የመብራት ምሰሶ ስባሪ ደግሞ ቢደርቅም ቤት ውስጥ አይነድም፤ ጢሱ መርዝ ነው።

በኤሌክትሪክ መጠቀም ሲቻል ስለ እንጨት ይህን ያህል ማውራት ኋላ ቀርነት ነው የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። መብራት የገባለት፣ የማይጠፋበትና ክፍያውን የሚችል ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ቢጋግር መልካም ነው። ነገር ግን ምጣድ የገዛው ከተሜ እንኳ ቤቱን የሚያሞቀው በእሳት ነው፤ ገጠሩ ደግሞ ገና ነው። እስከዚያ ድረስ በእያንዳንዱ ገበያ ቀን እርጥብ እንጨት ወደ ከተማ መጫኑ አይቆምም።

ከሁሉም በላይ ለውጡ የሚያስፈልጋቸው አህያ እንኳ የሌላቸው ናቸው። በየከተማው ዳርቻ ጭራሮና ፍልጥ በጀርባቸው ተሸክመው የሚመጡ እናቶችና ልጃገረዶች ዳገቱን የሚወጡት ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚወዳደር ሸክም ይዘው ነው። ከሚሸከሙት ግማሹ ውሃ ሲሆን ወገባቸው የሚጎብጠው ለማይሸጥ ነገር ነው። ደረቅ ተራ ቢቋቋም በቅድሚያ ቦታ ሊሰጣቸው የሚገባው ለእነሱ ነው። ማኅበር አቋቁመው የጋራ ማድረቂያ መጠለያ ቢኖራቸው፣ የዛሬውን ሸክም አስቀምጠው ከወራት በፊት ያስቀመጡትን ቀለል ያለ ሸክም በተሻለ ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ። ለመጠለያው የሚያስፈልገው ጥቂት አጠና፣ ጥቂት ቆርቆሮና ነፋስ የሚነፍስበት ጉብታ ነው። ነፋሱ በደጋው ሞልቷል፤ አጠናውንም የሚያቀርቡት አርሶ አደሮች እዚያው አሉ። የቀረው ቦታውን የሚፈቅድ ማዘጋጃ ቤትና ቆርቆሮውን የሚገዛ በጀት ነው፤ ይህም የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።